«መርሳ ነው» ስትለኝ ወሎ መሰለኝ

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? እማማስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ ተውኩት። አፍሬ ነው።

ያኔ በሰው የላክሽልኝን አሞክሳሲሊን ታስታውሻለሽ? «እዚህ ሚኒሶታ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንድ ፍሬ አይሸጡም» ብዬ ያስላክሁሽን። አንድ ቀን ልጁ ጉልበቱ ሥር ቀይ ነገር አወጣ። ሸረሪት ነክሶት ነው አልኩ። በማግሥቱ ብጉንጅ ሆነ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልጅ እያለን እንደሚደረግልን ካፕሱሉን ፈልቅቄ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። በሦስተኛው ቀን ሎሚ አከለ። ዙሪያው ይፋጃል። ልጁ እግሩን መዘርጋት አቃተው።

ሐኪሙ ሰንጥቆ መግሉን አፈሰሰው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ብጉንጅ ዋናው ሕክምና እሱ ነው አለኝ። ከመግሉም ለምርመራ ላከ። «ቤት ውስጥ የሰጠሽው መድኃኒት አለ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ከሁለት ቀን በኋላ ነርሷ ደወለችና «መርሳ ነው» አለችኝ። አትሳቂ፤ መጀመሪያ የመጣችብኝ የእኛዋ መርሳ ናት፣ ወደ ወልድያ ስንሄድ አውቶቡሱ ቆሞ ሻይ የጠጣንባት። ለካ ኤምአርኤስኤን ነው እንዲያ የሚጠሩት፤ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ።

ስታፍ ራሱ ብርቅ አይደለም። ከሦስት ሰው አንዱ አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ሳያመው። ቆዳ ሲጫር ነው ቀዳዳ የሚያገኘው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ አሞክሳሲሊንም ጭምር፣ የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚሠራውን ግንበኛ ጠፍረው ይይዙታል። መርሳ ግን እነሱ የማይዙት ሌላ ግንበኛ አለው። ፔኒሲሊን ለማይበግረው ስታፍ የተሠራው ሜቲሲሊን የሚባል መድኃኒት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በ1961 እንግሊዝ ውስጥ የሚቋቋመው ተገኘ። ሁለት ዓመት ብቻ! ለረጅም ጊዜ ደግሞ የሆስፒታል ጣጣ ነው ይባል ነበር። ከ1997 እስከ 1999 ግን እዚሁ ሚኒሶታና ጎረቤታችን ሰሜን ዳኮታ 4 ልጆች ሞቱበት፤ ከሆስፒታል ጋር ንክኪ ያልነበራቸው ልጆች። ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ ልጁ አጠገቤ ተኝቷል። ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ።

የባሰው ምን መሰለሽ? በሆዴ አንቺን ወቀስኩ። የለመንኩሽ እኔ፣ የነሰነስኩት እኔ! ስልክሽን አይቼ ያላነሳሁት ለዚያ ነው። ለሐኪሙ እውነቱን የነገርኩት በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። አልተቆጣም። ጻፈና ክሊንዳማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሳናቋርጥ እንድንጨርስ ነገረን።

አሁን ደህና ነው። የባቄላ ታህል ጠባሳ ቀርታለች። በኋላ ግን እህቱም ላይ ስለወጣ ፎጣው ሁሉ ለየብቻ ሆነ፣ ጥፍር በየሳምንቱ ይቆረጣል። ለሦስት ወር ያህል ሁለቱም በሳምንት ሁለቴ ትንሽ በረኪና በገባበት ገንዳ ሙሉ ውኃ ታጠቡ። በረኪና! እማማ ቢሰሙ ጉድ ነው። መጠኑን የለካልኝ ሐኪሙ ነው፣ እንዳትሞክሪው።

በእሑድ ልደውልልሽ ነው፤ ባታነሺም አልቀየምሽም። ሰው ሲመጣ ሽሮ ላኪልኝ፣ የልጆቹንም ፎቶ። ካፕሱሉ ይቅር።