ሰኞን የማይጠብቅ መድኃኒት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኒውክሌር ሕክምና ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከውጭ ያስመጣነው የሞሊብዲነም-99 ጄኔሬተር (ለምርመራ የሚውል ጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚወጣበት ሣጥን) ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ፣ አንድ ማኅተም ጎድሏል ተብሎ እስከ ሰኞ ቀን 6 ሰዓት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ይህ 66 ሰዓት ነው። የሞሊብዲነም-99 ግማሽ ዕድሜም፣ ማለትም ግማሹ ፈራርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 66 ሰዓት ያህል ነው። ሣጥኑን ስንረከብ ከውስጡ ግማሹ አልቆ ነበር፤ የተከፈለበት የውጭ ምንዛሪ ግን አልተቀነሰም።

ሌላ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ይቆያል። የዚህኛው አቶሞች ግን ቢቀዘቅዙም ቢሞቁም መፈራረሳቸውን አያቆሙም። ጄኔሬተሩን በየማለዳው እንደ ላም እናልበዋለን፦ የጨው ውኃ ሞሊብዲነሙን በያዘው የአሉሚና ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ፣ ከሞሊብዲነሙ መፈራረስ የሚገኘውንና ለታካሚው ተሰጥቶ አጥንትን በካሜራ ለማየት የሚያስችለውን ቴክኒሺየም-99ኤም ይዞ ይወጣል። እርሱ ደግሞ ይብሳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከተዘጋጀው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚቀረው ግማሹ ነው። ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው መዛመቱን ለማወቅ ከክፍለ ሀገር የመጡ እናትን «ለሌላ ሳምንት ይመለሱ» ማለት እጅግ ይከብዳል፤ የአልጋ ኪራዩን ማን ይክፈልላቸው?

ቢጫውን የጨረር ምልክት አይተው የሚሸሹ ሠራተኞች መኖራቸውን አውቃለሁ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የታሸገው ጨረሩን በሚያግድ ወፍራም የእርሳስ ብረት ውስጥ ነው። ሥልጠና ይሰጣቸው።

የሚመለከታቸውን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ ሰነዱ ዕቃው ከአገሩ ሳይነሳ ይመርመር፤ ቅዳሜና እሑድም መልቀቂያ የሚፈርም ተረኛ ይመደብ።

ፋርማሲስቱ፣ ከአዲስ አበባ