ይድረስ ለአባባ፤ ስለ አዲሱ ትምህርቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው በስልክ «ሕፃን ለመያዝ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ዕድሜዎን ሙሉ ላስተማሩት ለእርስዎ በደንብ ማስረዳት አለብኝ።

የጀመርኩት ሞንቴሶሪ የሚባለውን የአስተማሪነት ሥልጠና ነው፤ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች። ቀን እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በረዳትነት እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ እማራለሁ። ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የከፈተችው በፈረንጆች ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ነው፤ በእኛ የ1899 የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ጣሊያን ስል ፊትዎ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ሙሶሊኒ መጀመሪያ ደግፏት ነበር፤ ኋላ ግን አልተስማሙም፣ በፈረንጆች 1934 አገሯን ለቃ ወጣች። በሰው አገር ኖራ በፈረንጆቹ 1952 ሆላንድ ውስጥ ዐረፈች።

ከትምህርቱ ሁሉ የከበደኝ እጅን መሰብሰብ ነው። አስተማሪዋ ውኃ ከማንቆርቆሪያ ወደ ኩባያ እንዴት እንደሚቀዳ ቀስ ብላ፣ ከቃል ይልቅ በእጇ ታሳያለች፤ ከዚያ ፈቀቅ ትላለች። ኩባያው ፕላስቲክ አይደለም፣ የሚሰበር ሸክላ ነው፤ ልጁ ጥንቃቄን የሚማረው ከዕቃው ነውና። ቢፈስበትም ጨርቅ አምጥቶ ራሱ ይወለውላል። እኔ ቁጭ ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ። ሮጬ ላግዘው ሲያምረኝ መቀመጥ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ልጁ ሲሳካለት ግን ፊቱን ቢያዩት!

ፊደልንም የሚያውቁት በጣታቸው ነው። ፊደሉ አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ልጁ በሁለት ጣቱ፣ ልክ እንደሚጻፍበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። በእንግሊዝኛው አናባቢው ሰማያዊ፣ ተነባቢው ሮዝ ሰሌዳ ላይ ነው። የእኛ ፊደል ግን ሁለቱን በአንድ አካል ይይዛል፤ ስለዚህ ያ አከፋፈል አይሠራለትም። እኔ ያሰብኩት ለሰባቱ ቤት ሰባት ቀለም መስጠት ነው። ካዕቡ ሁሉ አረንጓዴ ቢሆን፣ ልጁ የሉን፣ የቡንና የሙን ቅጥያ በዓይኑም በጣቱም አንድ መሆኑን ያገኘዋል፤ 231ዱን በቃሉ መሸከም አይኖርበትም። እዚህ የሚወለዱት ልጆቻችን አማርኛ እየሰሙ አድገው ማንበብ ሳይችሉ መቅረታቸው በጣም ያሳዝነኛል፤ ይህንን ሳልሠራ አላርፍም።

እንግዲህ እርዳታዎን እፈልጋለሁ። 33ቱን ግዕዝ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈትዎ ተለቅ ተለቅ አድርገው በወረቀት ይጻፉልኝ። ብዕሩ ከየት እንደሚነሳና ወደየት እንደሚሄድ በቀስት ያመልክቱልኝ፤ በልጆቹ ጣት የሚገባው ያ አቅጣጫ ነው። እህቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ይወስኑልኝ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፋችን ድምፃቸው አንድ ስለሆነ፣ ለ4 ዓመት ልጅ ሦስቱንም አብሬ ልስጠው ወይስ በሀ ጀምሬ ሌሎቹን ላቆያቸው? መልስዎ ሳይደርሰኝ መቁረጥ አልጀምርም።

እማዬን ሳሙልኝ። በጸሎታችሁ አትርሱኝ።

አክባሪ ልጅዎ