አባል ባልሆንም የአጥቢያው ሰው ነኝ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ዝምታው ብዙ አላወራም። የሁለታችንም ነው፤ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጉዳይ አይደለም። ያንቺ ስልክ ተቀየረ፣ የኔ ፈረቃ በዛ፣ ጊዜውም እንዲሁ ነጎደ።

ብዕር ያስያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ለንደን ያገኘኋት የሰፈራችን ልጅ "እሷ እኮ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ገጠር ብቻዋን ቀረች እያለች ታዝንልሻለች" አለችኝ። ሳቄ መጣ። አንቺ ልጅ፣ እዚህ የጠፋው ሰው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም! የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ 16,000 የሚጠጋ ሕንፃ አላት፤ አብዛኛውም ያለው ገጠር ነው። እኔ ያለሁባት ሶመርሴት ደግሞ በደወል ማማዎቿ የታወቀች አውራጃ ናት። የዛሬ 500 እና 600 ዓመት፣ የሱፍና የጨርቅ ንግድ በደራበት ዘመን በየመንደሩ የቆሙ ናቸው። ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት መስኮት ሆኜ ሁለቱን አያለሁ።

እርግጥ የኛ አይደሉም። የንስሐ አባቴ ያሉት ለንደን ነው። ቅዳሴ ሲናፍቀኝና ዓመት በዓል ሲደርስ በባቡር እሄዳለሁ። ፈረቃው ግን በየሳምንቱ ለንደን አያስኬድም፤ የቲኬቱን ዋጋማ ተዪው። በሌላው እሑድ ደወሉ ከመንገድ ማዶ እየተጣራ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ በማን ስም የተሠራች መሰለሽ? በቅዱስ ጊዮርጊስ! ስለቴን የሰማልኝን ፈረሰኛ በባዕድ አገር አግኝቼው እንዴት አልፈዋለሁ? ጊዮርጊስ የእነሱም ጠባቂ ነው። ባንዲራቸው ላይ ያለው ቀይ መስቀል የእሱ ነው። በዓሉን በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23 ያከብራሉ፤ የኛ ሚያዝያ 23 በስምንት ቀን ይከተላል።

ገብተሽ ብታዪ መጀመሪያ ትደነግጫለሽ። ጫማ አይወልቅም። ነጠላ የለም። አንድ ጥቁር ውሻ ከጌታው ጋር መጥቶ አግዳሚው ሥር ይተኛል፤ ውጣ የሚለው የለም። ጸሎቱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አሥራ አምስት ሰው ከመጣ ጥሩ እሑድ ይባላል፤ ከመካከላቸው ሕፃኗ እኔ ነኝ። ቄሷ ሴት ናት። አዎ፣ ሴት። ከ1994 ጀምሮ ለሴቶች ክህነት ይሰጣሉ (ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ ነው)። እሷም ያላት አንድ አጥቢያ ብቻ አይደለም፤ ስድስት መንደር ይዛ እሑድ ጠዋት በአሮጌ መኪና ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። ቁርባን የሚኖረው የኛ ተራ ሲደርስ ነው። በቀሪው እሑድ ምእመናኑ ራሳቸው ጸሎቱን ይመራሉ።

ትቆርቢያለሽ ወይ እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልቆርብም። ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ ቦታዬ እቀራለሁ፤ ምነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። መንበርከኪያዋን ትራስ እያየሁ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ትራሶቹን የጠለፏቸው የመንደሩ ሴቶች ናቸው። አንዱ ላይ በግ አለ፣ አንዱ ላይ ዓሣ። የኔ ላይ ቀይ ትራክተር ነው ያለው።

እነዚህ ሰዎች እንግዳን በወሬ አይቀበሉም፤ ሥራ ሰጥተው ነው። በሩ አጠገብ ሰሌዳ አለ። ሻይ የሚያፈላው፣ አበባ የሚያስቀምጠው፣ ምንባብ የሚያነበው፣ የመቃብሩን ሣር የሚያጭደው በተራ ስሙን ይጽፍበታል። መጻፊያዋ በሲባጎ ታስራ ተንጠልጥላለች። አንድ እሑድ ሸምገል ያሉ ሴት ጠጋ ብለው "መቼም ሥራ ይበዛብሻል፣ አይሆንም ብትዪም ምንም አይደል፣ ብቻ የሚመጣው ወር ሁለተኛ እሑድ ሻይ ላይ ሰው የለም" አሉኝ። ይህ በእንግሊዞች ወግ ትእዛዝ ነው። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሆንኩ።

የሻይ ማፍያው በርሜል ያክላል። ጸሎቱ ሳይጀመር መሰካት አለበት። ዘግይተሽ ከሰካሽው ስብከቱ መሀል ማጉረምረም ይጀምርና ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሻል። ብስኩቱ ለአንድ ሰው ሁለት ነው። ዝክር እየበላ ላደገ ሰው ሁለት ብስኩት አቅርቦ እጅ አጣጥፎ መቆም ከባድ ነው፤ ስለዚህ አምባሻ ጋግሬ መውሰድ ጀመርኩ። አሁን በኔ ተራ ቀን ሰው ይበዛል እየተባለ ይታማል። ሻይ ላይ ታዲያ ከየት ነሽ ይመጣል። ከኢትዮጵያ ስላቸው ሽማግሌዎቹ የሚያነሱት ሯጮቻችንን አይደለም፤ ጃንሆይን ነው። ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚሁ በኛ አቅጣጫ፣ ባዝ ከተማ ነበር። ፌርፊልድ ሃውስ የሚባለውን ቤታቸውን በኋላ ለከተማው አረጋውያን ይሁን ብለው ሰጡት።

አንቺ የሰበካ ጉባኤ ነገር ስለምትወጂ አሠራራቸውን ልንገርሽ። እነሱም ሰበካ ጉባኤ አላቸው። ከእሱ ጋር ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ሹመት አለ፤ በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ተጠሪዎች ሕንፃውንና ንዋዩን ይጠብቃሉ። የሚገርመው መራጩ ነው። በመንደሩ የምርጫ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቀውም ጭምር፣ መጥቶ ድምፅ መስጠት ይችላል። በአጥቢያው የሚኖር ሰው ደግሞ፣ ይመን አይመን፣ ግቢው ውስጥ ቦታ እስካለ ድረስ እዚያ የመቀበር መብት አለው። ዓሥራት ከፍሏል ወይ፣ የንስሐ አባቱ ማን ናቸው የሚል የለም። እኔም እችላለሁ ማለት ነው። አትደንግጪ፣ አስከሬኔን ወደ አገር ላኩልኝ ብዬ ተናዝዣለሁ።

የአባላት መዝገባቸው ላይ ግን ስሜ የለም። ቅጹን ሰጥተውኝ ነበር። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ብትሆኚም፣ ቤተ ክርስቲያንሽ በሥላሴ የምታምን ከሆነች፣ ተጠምቀሽ ስድስት ወር ከተመላለስሽ መመዝገብ ትችያለሽ ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም አባል ነኝ ብለሽ ፈርሚ ይላል። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ማተቤን ለሻይ ተራ አልለውጥም። ከተጠሪዎቹ አንዱ፣ ላም አርቢ የነበሩ አዛውንት፣ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "ለጣሪያው ባዛር ግን ትመጫለሽ አይደል?" አሉኝ። እንግዲህ እህት ዓለም፣ ነገሩ ይሄው ነው። አባል አይደለሁም፤ የአጥቢያው ሰው ግን ነኝ። እዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ያኖረኝም ይህ ነው።

ስለ ጣሪያው ካነሳሁ አይቀር፣ ንጉሡ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዥ ስለሆኑ ገንዘብ የሚፈስላት የሚመስለው ብዙ ነው። የት ተገኝቶ! ከቅርስ ድርጅቶች ድጋፍ ይለመናል፣ የቀረውን የሚሸከመው የአጥቢያው ሰው ነው። ጣሪያው የእርሳስ ማዕድን ስለሆነ ውድ ነው፤ በየገጠሩ ሌባ ሌሊት እየገፈፈ ይወስደዋል። ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ ደግሞ ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ብዙ ነገር አይነካም። የሌሊት ወፎቹን ነገር ብነግርሽ አታምኚኝም። በሕግ የተጠበቁ ናቸው! መረበሽ ወንጀል ነው። ሴቶቹ ቅዳሜ መንበሩን ፕላስቲክ ያለብሱትና እሑድ ጠዋት ከነኩሱ ይገፉታል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በኬክ፣ በማርማላታ፣ በአሮጌ መጻሕፍትና በዕጣ ነው። ባዛሩ ላይ ቡና በጀበና አፈላሁ። እጣኑን ሲያሸቱ አንዷ ካቶሊክ ሆንን እንዴ አሉ።

ያልለመድኩት ልቅሷቸውን ነው። ሰው ሞቶ የሚቀበረው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ድንኳን የለም፣ እዬዬ የለም። የእኚያ የተጠሪው ባለቤት ባለፈው ጥር አረፉ። ሰዉ ምን እንደሚያደርግ አየሁ። ምግብ በሳህን ሸፍኖ ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ካርድ በበሩ ቀዳዳ ያስገባል፣ ሳያንኳኳ ይሄዳል። ሐዘንተኛ ማስቸገር ነውር ነው። እኔ ግን አልሆነልኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አንኳኳሁ። ከፍተው ሲያዩኝ ግራ ገባቸው። "ምን ልርዳሽ?" አሉኝ። "ልቀመጥ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

ሻይ አፈሉ። ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ጠፋቸው፤ ሁሉንም ቁም ሳጥን ከፍተው ዘጉ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ስለ ላሞቻቸው አወሩ። ከዚያ ስለ እሳቸው፤ ከዚያ ተመልሰው ስለ ላሞቹ። መሽቶ ስነሳ "ነገም ትመጫለሽ?" አሉኝ። ሠልስቱ እስኪወጣ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ሳህን ልታስቀምጥ መጥታ በመስኮት አየችን። ትንሽ ቆም አለችና ገብታ ተቀመጠች።

የቀብሩ ቀን ደወሎቹን ሸፍነው ደወሉ። የደወሉ ምላስ ላይ በአንድ ወገን ቆዳ ያስሩበታል፤ አንዱ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ቀጣዩ ከሩቅ እንደሚመጣ ይደበዝዛል። በእነሱ ቀብር መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ስሰማ ነው።

ደወሉ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ስድስት ደወል፣ ስድስት ሰው። ዜማ የለውም፤ ቅደም ተከተሉን እየለዋወጡ ነው የሚደውሉት። ስድስት ደወል አንዱን ሳይደግም 720 ዓይነት ተራ ይወጣዋል። ሁሉንም ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወረቀት ማየት የለም፣ ሁሉም በቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ከገባ ብቻ ይደወል ተብሎ ከ1940 ጀምሮ በመላ አገሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ከደዋዮቻችን ሁለቱ እግዚአብሔር የለም ባዮች ናቸው። ደውለው ጸሎት ሲጀመር ወርደው ይሄዳሉ። ቄሷ ቅር አይላትም፤ እኔ ግን ቅር ይለኛል። ደብተራው ማኅሌት ቆሞ ቅዳሴ ሲገባ ወደ ጠጅ ቤት ሲወጣ አስቢው። እሺ፣ እሱንም አይተናል ትያለሽ።

ሌላውን በአጭሩ ልበልሽ። በልደት ዋዜማ ቤተ ክርስቲያኗ ጢም ትላለች፤ በማግስቱ የት እንደገቡ አይታወቅም። በመስቀል ሰሞን የመኸር ምስጋና አለ፤ ዱባና ፖም ከታሸገ ባቄላ ጋር መሠዊያው ሥር ይደረደራል፣ በኋላ ለችግረኞች ይሄዳል። ልማዱን በ1843 የጀመረው ኮርንዎል የነበረ ሆከር የሚባል ቄስ ነው። ማታ የጋራ እራት ስላለ ምስር ወጥ ሠርቼ ነበር፤ አለቀ። ጃንዋሪ 17 ደግሞ የፖም ዛፍ ይመርቃሉ። በፖም መጠጥ የተነከረ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላሉ፣ ድስት ይቀጠቅጣሉ፣ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር ገበሬው የድሮውን ቀን አልቀይርም ብሎ የያዘው ነው። ለእኔ የከተራ ዋዜማ ላይ ይውላል። እሳቱ ዳር ቆሜ የናንተን ጃንሜዳ አስባለሁ።

የሚያሳስበኝ ተተኪው ነው። ተጠሪው ሽማግሌ 80 አልፈዋል። በዓመታዊው ስብሰባ "ማን ይተካቸው?" ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ወጣቱ ቤት ተወድዶበት ወደ ከተማ ሄዷል። በየመንደሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሻይ ላይ የኛን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከስልኬ አሳየኋቸው። የእነሱ ጊዮርጊስ መስኮቱ ላይ ከዘንዶው ጋር ብቻውን ነው። "ዛፉ ላይ ያለችው ልጅ ማን ናት?" አሉኝ። ጊዮርጊስ ከዘንዶው ያዳናትን የብሩታዊትን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሻይው ቀዘቀዘ። ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ይሰቀልልን ብለው ለሀገረ ስብከቱ ማመልከቻ ጽፈዋል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ሥዕል የሚሠራውን ልጅ ፈልጊልኝ። በሸራ ይሁን። ቁመቱ 60፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር፤ ማመልከቻው ላይ የተጻፈው መጠን ስለሆነ አይለፍ። ፈረሱ ነጭ፣ ብሩታዊት ዛፉ ላይ ሆና ሙሉ ፊቷ ይታይ። አንድ ዓይኗን ብቻ ካሳየ ክፉ ሰው አስመስሎብኛል ማለት ነው። ዋጋውን ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ በሰው እልካለሁ። ስልክሽንም አብረሽ ላኪ፣ የድሮው አይነሳም።

እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከሶመርሴት