ጣሪያው ወድቋል፣ ሰነዱ ድኗል፣ 49 ቆርቆሮ ይቀረናል

ውድ የድሬዳዋ ልጆች፣ በከዚራም በመጋላም፣ በጅቡቲም በጅዳም በዋሽንግተንም ያላችሁ፦

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። መሰልቸታችሁ ይገባናል፤ እኛም ደክሞናል። በአሮጌው ሀዲድ ዳር ያለው፣ የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር (የሸሚንደፈርን) ሰነድ የምናኖርበት የሸሚንደፈር ቤታችን በሚያዝያው ነፋስ ግማሽ ጣሪያው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ የተረፈው ግማሽ በሁለት ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ሐምሌ ሳይገባ ካልተከደነ ግድግዳውም ይከተላል።

ብዙ ወሬ ስላለ የወደቀበትን ምክንያት አስቀድመን እንናገር። ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ አይደለም። በቀደመው ጥገና የገባው ወራጅ እርጥብ ባህር ዛፍ ነበር፤ ሲደርቅ ተጣሞ ሚስማሩን ለቀቀ። ቆርቆሮው የተመታውም በጉብታው ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ሸለቆው ላይ ነው፤ ዝናቡ በየቀዳዳው ገብቶ ማገሩን አበሰበሰው፣ የቀረውን ምስጥ ጨረሰው። ግድግዳው ደግሞ በኖራ የተገነባ ሆኖ ሳለ በላዩ ሲሚንቶ ተለስኖበታል። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ስላፈነው የላይኞቹ ሁለት ረድፍ ድንጋዮች ላልተዋል። ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር የሚያስር ብረትም አልነበረም፤ ነፋሱ እንደ ባርኔጣ ብድግ አደረገው።

ስለዚህ ሥራው ከቆርቆሮ አይጀምርም። መጀመሪያ የሲሚንቶው ልስን ይፈነቀላል። የላሉት ሁለት ረድፎች ወርደው በአንድ እጅ ኖራና በሦስት እጅ አሸዋ እንደገና ይገነባሉ። አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ ይመጣል፤ ጭቃ ስለሚበዛው ሳይነፋና ሳይታጠብ አይገባም። ግንቡ ሲሠራ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት በየሜትር ተኩሉ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ ጫፉ ወጥቶ የጣሪያውን እግር እንጨት ይይዛል። ወራጁ ቢያንስ ሦስት ወር ጥላ ውስጥ የደረቀ ባህር ዛፍ ነው፤ እሱ ተገዝቶ ተደርድሯል፣ የምስጥ መድኃኒትም ተቀብቷል። ቤቱ 12 ሜትር ይረዝማል። በእያንዳንዱ ተዳፋት ሁለት ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 16 ቆርቆሮ፣ በድምሩ 64፤ ለመጠባበቂያ 4 ሲጨመር 68። እስካሁን የ19ኙ ተከፍሏል። 22 ሰዎች ቃል ገብተዋል፤ ግን ቃል አይከድንም።

«የዛሬ ሁለት ዓመት የሰጠነው ገንዘብ ለምን ለጣሪያው አልዋለም?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያኔ ምስጥ የጣቢያ መዝገቦቹን እየበላ ስለነበር ገንዘቡ ለብረት መደርደሪያ፣ ለብረት ሳጥንና ሰነዱን በስካነር ለማንሳት ዋለ። ቆርቆሮ ዛሬም ይገዛል፤ የተበላ መዝገብ ግን ከየትም አይገዛም። መደርደሪያው ከወለል 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራው የ1998ቱ ጎርፍ ስንት ቤት ከነፎቶ አልበሙ ጠርጎ እንደወሰደ ስለምናውቅ ነው። ጣሪያው የወደቀው በሳጥኖቹ ላይ ነው፤ ሁለቱ ተጨራመቱ፣ ወረቀቱ ግን ደህና ነው። ከመዝገቦቹ አንዱ በፈረንሳይኛ የተሞላ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ግን አንድ ሠራተኛ በእርሳስ በአማርኛ «ዛሬም ውሃ የለም» ብሎ ጽፏል። ደረሰኞቹ በሙሉ በፋይል አሉ፤ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። የሚመጣ ግን የለም፣ የሚያወራ እንጂ።

ቤቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለድሬ ልጅ መንገር ድፍረት ይሆናል፤ ለልጆቻችሁ ግን ንገሯቸው። ከጅቡቲ የመጣው ሀዲድ ተራራ ላይ ወዳለችው ሐረር መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ድሬም በዚያው ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድም ነበርና ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ እየቆመ ሲያልፍ በየመስኮቱ ሥር ገበያ ቆመ። ናፍጣ ሲመጣ የውሃው ማቆሚያ ትርጉም አጣ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ 1.435 ሜትር ስፋት አለው፣ የድሮው 1 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሀዲድ መሄድ ስለማይችል ጣቢያዎቹም ሌላ ቦታ ተሠሩ። አሮጌዎቹ ፌርማታዎች እንዲህ ነው ከሰው ዓይን የራቁት። እኛም የእያንዳንዱን ጣቢያ ንድፍ፣ የውሃ ጋኑ የቆመበትን ቦታና የጡረተኞቹን ቃል የምንሰበስበው የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው።

የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የምንጠይቀው በቁጥር ነው፦ አንድ ሰው አንድ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ከነሚስማሩና ከነጎማው። የዕለቱን ዋጋ ከኮሚቴው ጠይቃችሁ ክፈሉ። ሰደቃ ያሰበም፣ ስለት ያለበትም ከዚህ ይቁጠረው።

ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማህተም ባለው ደረሰኝ ላይ የታተመው ነው። በግለሰብ ቴሌብር አንቀበልም፤ «በእኔ በኩል ላኩ» የሚል ካለ እኛ አይደለንም። ስትልኩ በማብራሪያው ቦታ ላይ ሙሉ ስማችሁንና «ጣሪያ» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ባለፈው ስድስት ሰዎች ስም ሳይጽፉ ልከው እስከ ዛሬ ደረሰኛቸውን መስጠት አልቻልንም። እንደገና፦ በደረሰኙ ላይ ያለው የባንክ ቁጥር ብቻ። ከውጭ የምትልኩም ያው ቁጥር ነው። ከላካችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዡ አድርሱ፣ በሳምንት ውስጥ ደረሰኝ ይደርሳችኋል። ግንበኛው የሚጀምረው ሰኔ 1 ነው፤ ቆርቆሮው እስከ ሰኔ 15 ግቢው ውስጥ መግባት አለበት።