የትያትር ክበብ፦ የተቃጠለው ሸሚዝ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሁለት አጫጭር ኮሜዲዎች ጀምረን ትተናል። ዓመቱን የወሰደብን የአንድ ሰው ትያትር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ መሐል ነው። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዋላስ ሾን «ዘ ፊቨር» የተባለውን ድርሰቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀምር ትያትር ቤት አልገባም። በሰዎች መኖሪያ ቤት ለጥቂት ታዳሚዎች ብቻውን ተጫወተው። ድርሰቱ ደልቶት የኖረ ሰው የእሱ ምቾት ከሌሎች ድህነት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ራሱን የሚሞግትበት ነው። ይህን ለክበቡ ተማሪዎች ስነግራቸው አንዷ «እኛስ ክፍል ውስጥ ብናሳይስ?» አለች። የሾንን ትተን የራሳችንን ጻፍን።

የእኛ ገጸ ባሕርይ ተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟ ተተኩሶ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ማን እንደሚተኩሰው አስባ አታውቅም። አንድ ቀን ሸሚዟ እጅጌው ላይ ተቃጥሎ ታገኘዋለች። ተቆጥታ ወደ ጓዳ ስትሄድ የተኮሰችውን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ ታያታለች። እኩያዋ ናት።

በጥናት ወቅት አንድ ነገር ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ፤ ባለ ሸሚዟን ልጅ ክፉ አታድርጓት። ክፉ ከሆነች ታዳሚው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይገላገላል።

በጣም ያታገለን መጨረሻው ነው። መጀመሪያ ስንጽፈው አልቅሳ ይቅርታ ትጠይቅና መብራት ይጠፋል። እኔ ወድጄው ነበር። ተዋናይቷ ግን «ቲቸር፣ ካለቀሰች እኮ ሰው የሚያዝነው ለእሷ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለቅሶውን አወጣነው። አሁን ሸሚዙን ታጥፋለች፤ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትናገር፣ የተቃጠለው እጅጌ ከላይ እንዲታይ አድርጋ። ብቻውን ለቆመ ተዋናይ ዝምታ ከባድ ነው። ቃል የሚቀበለው የለም፣ ቢጠፋበት የሚደርስለት የለም። ይህችን ዝምታ ለመልመድ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀን።

መድረክ አልሠራንም። ወንበሮቹን በክብ ደርድረን፣ ተዋናይቷን መሐል አድርገን አራት ጊዜ አሳየን። ቅርብ የተቀመጡት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል።

በመጨረሻው ቀን ውይይት ላይ አንድ የታችኛው ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ከነገ ጀምሮ ራሷ ትተኩሳለች ማለት ነው?» አለ። ተዋናይቷ መልስ ሳትሰጥ ከኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፦ «ያቺ ልጅስ ትምህርት ቤት ትገባለች?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም መልስ መስጠት ቃጣኝና ተውኩት። ይህ ጥያቄ ድርሰታችን ውስጥ አልነበረም። በማግስቱ ደብተሮቻችንን እንደገና ከፈትን።