«መንፈሳዊ አካል» አካል አልባ ማለት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ትንሣኤ ሙታን ባወጣችሁት ጽሑፍ «መንፈሳዊ አካል» ሥጋ የሌለው ረቂቅ መንፈስ ተብሎ ተፈትቷል። ስሕተቱ የሚመጣው «ፍጥረታዊ አካል ይዘራል፥ መንፈሳዊ አካል ይነሣል» የሚለውን 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥44ን ነጥሎ ከማንበብ ነው። ጳውሎስ በዚያው መልእክት 2፥14-15 «ፍጥረታዊ ሰው»፣ «መንፈሳዊ ሰው» ይላል። ሁለቱም ሥጋ ለባሾች ናቸው፤ የሚለያዩት በሚመራቸው እንጂ በተሠሩበት ነገር አይደለም።

«ሥጋና ደም የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊወርሱ አይችሉም» (15፥50) የሚለውም ብዙዎችን ያደናግራል። «ሥጋና ደም» በማቴዎስ 16፥17 እንደምናየው ሟች ሰውን የሚገልጽ አነጋገር ነው። ቁጥር 53ን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ «ይህ የሚበሰብሰው የማይበሰብሰውን ሊለብስ» ይላል። ይለብሳል እንጂ ይጣላል አላለም። «ይህ» የምትለዋን ትንሽ ቃልም አትዝለሏት፤ የሚነሣው ያው የተቀበረው ነው።

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ሥጋና አጥንት እንዳለው ተናግሮ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል (ሉቃስ 24፥39-43)። በሩ ተዘግቶ ሳለ በመካከላቸው መቆሙም (ዮሐንስ 20፥19) አካሉ መለወጡን ያሳያል።

ጳውሎስ የሚቀበረውን አካል በሚዘራ ዘር፣ የሚነሣውን ደግሞ ከዘሩ በሚበቅለው የመሰለበትን ምሳሌ (15፥36-38) የሐረርጌ ገበሬ ወዲያው ይረዳዋል። የማሽላ ፍሬና ቁመቱ የረዘመ አገዳ አይመሳሰሉም፤ ከማሽላ ዘር ግን ስንዴ አይበቅልም።

በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ