መስኮት የሌለው ክፍል አላከራይም

አዳማ፣ ሐምሌ 2017

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ እንዴት ነሽ ስል ለራሴም ይከብደኛል። እናትሽ እማማ ያረፉ ጊዜ አልደረስኩም። የሰማሁት ከቀብሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አርባው ላይ እሄዳለሁ አልኩ፤ አርባውም አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል? ቀኑ ሲጨምር እፍረቱም አብሮ ጨመረ። የተቀበሩበት ዴራ ከአዳማ የት ድረስ ነው? አንድ ሚኒባስ ነው። ምንም የምለው የለኝም፤ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ደግሜ እልሻለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ላዋይሽ፣ ከአንቺ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው ፎቅ ትዝ ይልሻል? ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ብርቱካን የምንልጥበት። ያኔ የማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበር። አማቴ ዓምና አረፉና ለልጆቻቸው ቀረ። ግራውንዱ ሱቅ ነው፣ ይሠራል። ከላይ ያሉት 3 ፎቆች ቢሮ ነበሩ፤ ተከራዩ ከለቀቀ ወዲህ ባዶ ናቸው። ወራሾቹ ተሰብስበው ምን እናድርገው ሲባል የተማሪ ዶርም ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የሴቶች።

ለምን እንዳልኩ አንቺ አትጠይቂኝም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ግቢ ውስጥ አልጋ ታገኛለች። የግል ኮሌጅ የገባችው ግን ሻንጣዋን ይዛ ከደላላ ጋር ሰርቪስ ቤት ፍለጋ ስትንከራተት ትውላለች። ከአሰላ፣ ከመተሃራ፣ ከዴራ የሚመጡ ልጆች ናቸው። በየግቢው ሕጉ እንደ ድሮው ነው፦ እንግዳ አይመጣም፣ መብራት በ3 ሰዓት ይጠፋል፣ ውሃ አታባክኑ። እኛ ተማሪ ሳለን አንድ ክፍል ተከራይተን በሄድንበት መንገድ ነው የሚሄዱት።

ሁሉም ሐሳቡን ወደዱት። ጭቅጭቁ የመጣው ፕላኑ ሲወጣ ነው።

ፎቁ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ሕንፃ ጋር የተጣበቀ ነው። ወርዱ 14 ሜትር ነው፤ ወደ ውስጥ ግን 25 ሜትር ይገባል። መስኮት ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ቢሮ ሳለ መሃሉ ፋይል ማስቀመጫ ስለነበር ማንም ግድ አልነበረውም። የባለቤቴ ወንድም ያሠራው ፕላን በየፎቁ 12 ክፍል አለው፤ ፊት 4፣ ኋላ 4፣ መሃል 4። በየክፍሉ 4 አልጋ ሲደረግ በድምሩ 144 ልጅ ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 48ቱ የሚያድሩት መስኮት በሌለው ክፍል ነው። እሱ ደግሞ «ቬንትሌተር እንገጥማለን፣ ተማሪ ቀን ክፍሉ አይውልም» ይለኛል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ባንክ መበደራችን ስለማይቀር ዕዳው ያስፈራዋል፤ 48 አልጋ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ ነው።

እኔ አይሆንም አልኩ። ለምን ሲሉኝ መናገር አቃተኝ። ባለቤቴ እንኳ ያቺን የከሰል ሌሊት አያውቃትም። ነግሬው አላውቅም። አንቺስ ለማን ነገርሽ? በነሐሴ ዝናብ፣ ከሰል አንድደን በሩን ዘግተን፣ በሩ ላይ ካለችው ሽንቁር በቀር አየር የሚገባበት የሌለው ክፍል። ጠዋት ጠዋት በዚያች ሽንቁር የምትገባውን ብርሃን ታስታውሻለሽ? ሳንቲም የምታክል። ደብተርሽን ከቦታ ቦታ እየጎተትሽ ትከተያት ነበር። ያን ሌሊት ግን ብብትሽን ይዤ ደጃፉ ላይ ጎትቼ ሳወጣሽ ፊትሽ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ተንፍሺ፣ ተንፍሺ ስልሽ... በቃ ልተወው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ለሰው ልጅ አላከራይም። ይህ የተቆረጠ ነገር ነው።

አሁን የምፈልግሽ ለመሐንዲስነት ሙያሽ ነው። ሐሳቤ ይህ ነው። መሃሉን ከጣሪያው ጀምረን እስከ አንደኛ ፎቅ ወለል ድረስ በስተን ሰማይ እናስገባ። በየፎቁ ከመሃል 2 ክፍል ይሠዋል፤ የቀሩት 2ቱ ወደ ክፍተቱ የሚከፈት መስኮት ያገኛሉ። 144 የነበረው 120 ይሆናል። ግን ሶሌታው፣ የኮንክሪት ወለሉ ማለቴ ነው፣ ይቆረጣል ወይ? ወለሉን የሚሸከመውን ቢም ሳንነካ በቢምና በቢም መካከል ያለውን ብቻ ብናነሳስ? የስትራክቸር ድሮዊንጉን አማቴ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠውት አገኘሁት፤ ዳር ዳሩን ምስጥ በልቶታል እንጂ የፌሮ ብረቱ ሁሉ ይነበባል። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽና ሶሌታው ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ዘንድሮ በፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲያወዛውዘን ሰንብቷል። አንድ ሌሊት መብራቱ ከኮርኒሱ ላይ ሲወዛወዝ ልጆቼን አቅፌ ወጣሁ። እኛ ግን ቤታችን ምድር ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተኙ 40 ልጆች በአንዲት ደረጃ እንዴት ይወርዳሉ? ደረጃዋ አንድ ናት፣ ያውም ጠባብ። ከኋላ በኩል የብረት ደረጃ ይሠራ ብዬ ጠይቄያለሁ። «ወጪ ነው» ተባልኩ። አንቺ ብትዪው ይሰሙሻል፤ እኔ ስናገር የሴት ፍርሃት ይመስላቸዋል።

ውሃውም አለ። ለአንዲት ልጅ በቀን 40 ሊትር ብል ለ120 ልጅ 4,800 ሊትር ነው። ውሃ ሁለት ቀን ቢጠፋ ወደ 10,000 ሊትር ሮቶ ያስፈልገናል፤ ያ ማለት ጣሪያው ላይ 10 ቶን ነው። ይሸከማል? አንዱ ጉድጓድ አስቆፍሩ ብሎ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት እናውቃለን፤ የወንጂን ልጆች ጥርስ አብረን አይተናል። ሳይመረመር አላጠጣም። ሽንት ቤቱ ደግሞ በየፎቁ አንድ ብቻ ነው። 40 ሴት ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስትሰለፍ ይታይሽ። ሴፕቲክ ታንኩም ቀን ብቻ ለሚውሉ ሠራተኞች የተሠራ ነው።

ፈቃዱንም ቢሆን ወንድምየው «ሥራው ይጀመርና ይወጣል» ይላል። የሕንፃ አዋጁ አገልግሎት ሲቀየር ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ገና ሥራ ስትጀምሪ አዋጁን በየሄድሽበት ይዘሽ እየዞርሽ ታሰለቺን ነበር። ይኸው ዛሬ ጠቀመኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሥራው ገና ሳይጀመር አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ሰምታ መጣች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ዋጋ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ የመሃሉን ክፍል ግድግዳ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «እትዬ፣ ልብስ የት ይሰጣል?» አለችኝ። ያን አላሰብንበትም ነበር። ለካ ፕላኑ ላይ አልጋ እንጂ ልጅ አልነበረችም። ጣሪያው ላይ ከሮቶው ጎን ገመድ ይዘረጋል አልኳት። የአዳማ ንፋስ በአንድ ሰዓት ያደርቀዋል። ፈገግ ብላ ወረደች። ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአንቺ ልጽፍ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ መምጣት ትችያለሽ? ጠዋት ከተነሳሽ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። መቼም ጠዋት አትነሺም፤ ከሰዓትም ቢሆን እጠብቅሻለሁ። መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ለድካምሽ የሚገባውን እንከፍላለን፤ ይህን ስጽፍ እንደምትቆጪ አውቃለሁ፣ ግን የወራሾች ገንዘብ ነውና ደረሰኝ ያስፈልገኛል።

ደግሞም... እንዴት እንደምለው አላውቅም። እማማ በቅጥቅጥ ይልኩልን የነበረው በሶ ሁለታችንንም አስተምሮናል። ከረጢቱ ላይ በከሰል የሚጽፉት የአንቺን ስም ብቻ አልነበረም፣ የእኔንም ነበር። መቃብራቸውን አላየሁትም። ብቻዬን መሄድ ከበደኝ። ፎቁን ካየሽልኝ በኋላ እሁድ ዴራ አብረን ብንወርድ ምን ይመስልሻል? ካልፈለግሽ አይከፋኝም። የድሮዊንጉን ፎቶ ግን ዛሬ ማታ እልከዋለሁ፤ ስልክሽን እባክሽ ክፍት አድርጊው።

የአንድ ክፍል ጓደኛሽ